በትምህርት ቤቱ በር ላይ የቆመችው መኪና

ሻለቃውን የምበቀልበት መሣሪያ የኮምፒውተር ጨዋታ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሌላውን መንገድ ሁሉ ሞክሬ ነበር። ጻፍኩ፣ አልወጣም። ለሚመለከታቸው ሰዎች ተናገርኩ፣ በትህትና አዳምጠው እስከ በር ሸኙኝ። ከዚያ የዜና ሥራውን ትቼ ወደ ተወለድኩበት ሮቤ ተመለስኩ። እሱም ጡረታ ወጥቶ ጎባ ላይ ቤት ሠራ። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው ሚኒባስ ውስጥ በተገናኘን ቁጥር ከፊት ወንበር ዞር ብሎ “ጋዜጠኛው፣ አለህ?” ይለኛል። “አለሁ፣ ሻለቃ፤ እርስዎስ?” እለዋለሁ። በፊቱ አንቱታውን አልነፈግኩትም። ስጽፍ ግን አልሰጠውም።

በጦርነቱ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ የጎባ ሰው የሆነ ሹፌር ነበረኝ። ከዚያ በፊት ወደ ሼክ ሁሴን ለዝያራ የሚጓዙ ተሳላሚዎችን ያመላልስ ነበር። በዝያራ ሰሞን መኪናውን ፊቷን ወደ ውስጥ አድርጎ ያቆመ ሹፌር ሕዝቡ እስኪበተን ድረስ መውጣት አይችልም። ስለዚህ የትም ቦታ ሲያቆም አስቀድሞ ያዞራል። ጦር ሜዳ ውስጥም ይህን ልማዱን አልተወም። እኔ ለመውረድ ስቸኩል እሱ ወደፊት ወደኋላ እያለ መሪ ይጠመዝዛል። ስነጫነጭበት “ኦቦ፣ ስንወጣ ያመሰግኑኛል” ይለኝ ነበር። ብዙ ጊዜም አመስግኜዋለሁ።

አንድ ቀን ደጋ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ገባን። ከተማዋ አብረናቸው በምንጓዘው ወታደሮች እጅ ነበረች። ከፊቷ ያለው ኮረብታ ግን ገና አልተያዘም። ከኮረብታው ማዶ የዚያው ጦር የመድፈኛ አዛዥ የነበረው የሻለቃው ቢኤሞች ተሰልፈዋል። ቢኤም ማለት በጀርባዋ አርባ ቱቦ የተሸከመች ከባድ መኪና ናት፤ ከቱቦዎቹ ሮኬት ታከታትላለች። ወታደሮቹ ኮረብታው ሊደበደብ መሆኑን ነግረውን፣ ከተማው ውስጥ ካለው ትምህርት ቤት እንዳንርቅ አዘዙን። ሹፌሩ መኪናውን አዙሮ በሩ ላይ አቆመ። እኔ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ውሃ የሚቀዱ ሴቶችን ላነጋግር ሄድኩ። ሮኬቶቹ ኮረብታውን አልፈው መጡ። ስመለስ መኪናዋ በሩ ላይ ትነድ ነበር፤ ፊቷ ወደ መውጫው ነው። እሱ ከመሪው ኋላ ነበር።

ጉዳዩ ሲጣራ ሻለቃው ቃሉን ሲሰጥ፣ ከኮረብታው ውጭ የወደቀ አንድም ሮኬት የለም አለ። ሹፌሩ የተከለከለውን መስመር ጥሶ ኮረብታው ሥር ድረስ በመሄዱ ነው የሞተው አለ። የመኪናዋ ስባሪ ወዲያው ከበሩ ላይ ተጠርጎ ስለነበር እኔን የሚደግፍ ማስረጃ አልቀረም። የእሱ ቃል ጸና።

የሹፌሩ ሚስት ጎባ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ያየሁትን እንዳየሁት ነገርኳት። አመነችኝ ብዬ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጠይቃት ስሄድ የባሏ ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ ወርዷል። ጨርቁን ከስፌት መኪናው ላይ ሳታነሳ፣ “ኦቦ፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት፤ ለእኔ ብለው እንደሚሉት አውቃለሁ” አለችኝ። “ግን ልጆች ያሉት ሰው ለምን እዚያ ሄደ?”

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህች ሴት የሞተ ባሏን ተቀይማ ነው የምትኖረው። ሻለቃው መግደሉ አንሶት የሟቹ ቤት ውስጥም ገብቶ ያማዋል። የእኔ ቃል እንደ ማጽናኛ ተቆጥሯል፤ የሻለቃው ቃል ግን እንደ እውነት። ስለዚህ እውነቱ ከራሱ ከሻለቃው አፍ መውጣት አለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ምኞት አልነበረኝም ብል ማጋነን አይሆንም።

ግቢዬ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየች መምህርት አለች። ከሌላ ክልል መጥታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። እሷና ሁለት ባልደረቦቿ በትርፍ ጊዜያቸው አንድ የውጊያ ጨዋታ ያሻሽላሉ። ጨዋታው በብዙ አገር የሚታወቅ ሲሆን ተጫዋቾች የራሳቸውን ምድርና መሣሪያ እንዲጨምሩበት ይፈቅዳል። እነሱም የባሌን ደጋ ሠርተውበታል፤ የሮቤ የስንዴ ማሳ፣ ወደ ገሰራ የሚወስደው መንገድ፣ ከጎባ በላይ ያለው ብርዳም ሜዳ ሁሉ አለ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፗን ይዛ መጣችና “ጋሼ፣ ቢኤም በዓይንዎ አይተዋል አሉ። እስቲ ይህቺን ይዩልኝ” አለችኝ።

አየሁ። መኪናዋ ስንዴ ማሳ ውስጥ ቆማ አርባውንም ሮኬት እንደ ርችት ለቀቀች። ንቅንቅ አላለችም። አቧራ የለም፣ ጭስ የለም። ሮኬቶቹ በሙሉ አንድ ጎጆ የምታክል ቦታ ላይ ተራ በተራ ወደቁ።

“እንዲህ አይደለም” አልኳት።

“አማካሪያችን ግን እንዲህ ነው ብሎናል። የሚመታው መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ነው አለን።”

አማካሪያችሁ ማነው አልኳት። ጎባ የሚኖር ጡረተኛ ሻለቃ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው እየመጣ እንደሚጫወትና እነሱም እንደሚወዱት ነገረችኝ። የያዝኩትን ሻይ እስከ ጭላጩ ጠጣሁ። ከዚያ ብዕርና ወረቀት አምጪ አልኳት።

የማውቀውን ሁሉ ሰጠኋት። ቢኤም ስትተኩስ ከኋላዋ የሚወጣው እሳት አጨዳ ያለፈበትን ማሳ ገለባ ያቀጣጥላል፤ ያን ጭስ ከሩቅ ያየ ጠላት ያለችበትን ያውቃል፤ ስለዚህ ቶሎ ቦታ ካልለወጠች አለቀላት። በዝናብ ጊዜ ዋልካ በሚባለው ጥቁር ጭቃ ላይ ከቆመች እያንዳንዱ ሮኬት በወጣ ቁጥር አንድ ጎማዋ ይሰምጣል፤ የመጨረሻዎቹ ሮኬቶች የመጀመሪያዎቹን አይከተሉም። ባዶ ስትሆን ሰዎች ሮኬቶቹን ተሸክመው አንድ በአንድ ይሞሏታል፤ ያን ጊዜ ከቆመ የጭነት መኪና አትለይም። ሮኬቶቹም መርፌ ቀዳዳ አይገቡም፤ ሰፊ ማሳ ላይ ይበተናሉ። መምህርቷ አንድም ነገር በእኔ ቃል ብቻ አላስገባችም። ምስል ትፈልጋለች፣ ታሰላለች፣ የፊዚክስ መምህር ትጠይቃለች። ይህ ጠባይዋ ደስ አለኝ፤ የምፈልገው የማይነቀነቅ ነገር ነበርና።

ዋናውን መጨረሻ ላይ ነገርኳት። ከሹፌሩ ሞት በኋላ መድፈኞችን በተናጠል እየጠየቅኩ ያረጋገጥኩት ነው። የሮኬት መተኮሻ ሠንጠረዥ የተሠራው ለቆላ አየር ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ሮኬት በዚያው አቀማመጥ ሲተኮስ አልፎ ይሄዳል። ደጋ ላይ የቆመ ተኳሽ ከፍታውን አስቦ ማረም አለበት። የቸኮለ ወይም የኮራ አያርምም። ጨዋታቸው ግን ሮቤንም ቆላውንም በአንድ አየር ይቆጥር ነበር።

ከፊዚክስ መምህሩ ጋር አስልታ መጥታ ልክ ነው አለችኝ። ያን ጊዜ ኮረብታ እንድትሠራልኝ ጠየቅኳት። ከኮረብታው ጀርባ ትምህርት ቤት። በበሩ ላይ አንዲት ነጭ መኪና፣ ፊቷ ወደ መውጫው። ውስጧ አንድ ሰው።

እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። “ጋሼ፣ የሚያርሙት ጨዋታውን ነው ወይስ ሻለቃውን?”

አልዋሸኋትም። ታሪኩን ከመነሻው ነገርኳት። ሚስቲቱንም ጠርቼ እንድታይ ማሰቤን ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። “እሷ ከመጣች እኔ የለሁበትም” አለች። “ልክ የሆነውን ብቻ ነው የማስገባው። ልክ የሆነው እሱ ላይ ከወደቀ ይውደቅ።” ተስማማሁ። ልክ ከሆነ በቂዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠሩበት ክፍል ቀድሜ ገባሁ፤ ሻለቃው በጥሩ ኮት መጣ። ባልደረቦቿ ወንበር ለቀቁለት። እኔን ጥግ ላይ ሲያየኝ ሳቀ። “ጋዜጠኛው፣ ብዕር አልበቃ ብሎህ በኮምፒውተር አይጥ ልትዋጋ መጣህ?” ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። መማር መቼም አይከፋም፤ ሻለቃ ሲተኩሱ ማየት ፈልጌ ነው አልኩት።

አዲሱን አቧራ ሲያይ ወደደው። ገለባው ሲቀጣጠል በጉልበቱ ላይ መታ አደረገና “ይኸው፣ እንዲህ ነበር” አለ። መምህርቷ ኮረብታውን አሳየችው፤ ያለበትን ርቀት ነገረችው። ከፍታው ከስክሪኑ ጥግ ላይ ተጽፎ ነበር። አላየውም። ሠንጠረዡን በቃሉ ያውቀዋል፤ ቁጥሩን ሳያመነታ አስገብቶ ለቀቃቸው። ሮኬቶቹ ከኮረብታው በላይ አለፉ። ስክሪኑ ተከተላቸው። ትምህርት ቤቱ ላይ ወረዱ። ነጯ መኪና በሩ ላይ ነደደች።

“ተበላሽቷል” አለ ሻለቃው።

ደግሞ ሞከረ። ያው ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረ፤ አሁን እጁ እንደ መጀመሪያው አልፈጠነም። ጨዋታችሁ ተሳስቷል፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ እድሜዬን ሙሉ የተኮስኩበት ቁጥር ነው እያለ ወደ ወጣት መምህራኑ ዞረ። ባለቤቴ ገንፎ ስታገነፋ እንኳ እንዲህ አይገነፍልም ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ፤ የሳቀለት የለም። መምህርቷ ያንኑ ኮረብታና ያንኑ ትምህርት ቤት ቆላ ላይ አስቀመጠችለት። በዚያው ቁጥር ተኮሰ። ሮኬቶቹ ኮረብታው ላይ አረፉ።

“ቁጥሩስ ልክ ነው፣ ሻለቃ” አለችው። “ለቆላ። ደጋ ላይ ከፍታው ይታሰባል።”

“ማን ያስባል?” አለ ተናዶ። “እዚያ ሆነሽ ብታይው! በሬዲዮ ቶሎ ቶሎ እያሉ፣ ማን ከፍታ ሲያርም ይውላል? አንድ ቀን አርመን አናውቅም። ሠንጠረዡ እንዳለ ነው የምንተኩሰው።”

የጠበቅኩት ይህን ነበር። ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ ድምፄንም ከፍ አላደረግኩም።

“እንግዲያው መኪናዋ የት ነበረች፣ ሻለቃ?”

ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ስክሪኑ። የመጀመሪያው ካርታ አሁንም በአንዱ በኩል ክፍት ነበር፤ ነጯ መኪና ፊቷን ወደ መውጫው አድርጋ ትጨሳለች። እንደዚያ ዞራ ቆማ እንደነበር በዚያ ክፍል እኔ ሳልነግረው የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ስባሪውን ያስነሱት የእሱ ሰዎች ናቸው። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁ። ደስ አለኝ። ይህን ላስተባብል አልሞክርም። ለረጅም ጊዜ የፈለግኩት ፊት ነበር፤ ሳላፍርና ሳልቸኩል አየሁት።

“ይህቺን መኪና አንሺያት” አለ ለመምህርቷ፣ በዝቅተኛ ድምፅ።

“የእሷን ነገር የሚወስነው ሌላ ሰው ነው” አልኩት። “የሹፌሩ ሚስት ጎባ ልብስ ትሰፋለች። ቤቱን ያውቁታል።”

ኮቱን ይዞ ወጣ። ማንም አልሸኘውም።

ሳምንት ሳይሞላ ሚስቲቱ ጎባ አስጠራችኝ። ፎቶግራፉ ግድግዳው ላይ ተመልሷል። ሻለቃው መጥቶ ነበር አለች፤ ግባ ብትለው አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ፣ ባልሽ ከትምህርት ቤቱ አልተነቃነቀም፣ ኮረብታውን ያለፈው የእኔ ተኩስ ነው ብሎ ሄደ። ይቅርታ ጠየቀሽ ወይ አልኳት። አልጠየቀኝም አለች። “ብዙ ነገር ስለው ኖሬአለሁ፤ ሲሰማኝ ኖረ” አለች፣ ባሏን ማለቷ ነው። ከዚያ ተነስታ የፎቶግራፉን መስታወት በያዘችው ጨርቅ ጠረገችው።

ስለ ጨዋታው ነገርኳትና መኪናዋ ትነሳ እንደሆን ጠየቅኳት። አሰበችበት። “አዙሮ ነው ያቆማት?” አለች። አዎ አልኳት። “ትቆይ። ሰው ግን አይኑርባት።” መምህርቷ በዚያው ቀን ሰውየውን አወጣችው።

ሻለቃው ለጥቂት ቅዳሜዎች ጠፍቶ ተመለሰ፤ ጡረታ ረጅም ነው። ሚኒባስ ውስጥ ስንገናኝ ከእንግዲህ አይዞርም። ሊጫወት ሲቀመጥ ግን ከመተኮሱ በፊት “ከፍታው ስንት ነው?” ይላል፤ ሳያስበውም ዓይኑ ወደ ተቀመጥኩበት ጥግ ይመጣል። አልመልስለትም። ስክሪኑ ላይ ተጽፏል፤ ያንብበው።