የእማ ሸምሲያ እንሰትና የዋቤ መለኪያ

ሥራ የገባሁበት ቀን ማክሰኞ ነበር። ጣልያኖቹ ከወልቂጤ ወረድ ብሎ ዋቤ ወንዝ ዳር ካቆሙት ካምፕ ስደርስ፣ ኢንጂነሩ ቀይና ነጭ እየተቀያየረ የተቀባ ረጅም እንጨት ይዞ ቆሞ ነበር። አጠገቡ አስተርጓሚው አቶ ብርሃነ አለ። አቶ ብርሃነ የአስመራ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ኮፍያውን በየደቂቃው የሚያስተካክል፣ ለሁለት ጌታ ማደር የሰለቸው ሰው።

«ማንበብ ትችላለህ ወይ ይልሃል» አለኝ።

«እችላለሁ። አባቴ ጸሐፊ ነበር።»

«የእነሱንስ ቁጥር?»

«እሱንም።»

ይህኛው ግማሹ ውሸት ነው። እነሱ ሲጽፉት አንድና ሰባት ይምታቱብኝ ነበር።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። እንጨቱ ወንዙ ውስጥ ይተከላል፤ ጧት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ውኃው የደረሰበትን መስመር አይቶ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ስሜ «ውኃ ለኪ» ተባለ። ከቀን ሠራተኛ ከፍ፣ ከካቦ ዝቅ ያለ ማዕረግ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ንባቤን «አርባ ገደማ» ብዬ ጻፍኩ። ኢንጂነሩ ቃሉን አስተርጉሞ ሲሰማ እርሳሱን አውጥቶ ሰረዘው።

«ገደማ የሚባል ቁጥር የለም ይልሃል» አለኝ አቶ ብርሃነ።

ከዚያ ኢንጂነሩ ራሱ እጄን ይዞ ወደ ውኃው ወሰደኝ። ማዕበሉን አትይ፤ ከፍ ዝቅ ሲል ደጋግመህ ተመልከትና መካከሉን ውሰድ፤ ዓይንህ ደግሞ ከውኃው እኩል ይሁን ብሎ አሳየኝ። ዓይን ከውኃ እኩል የሚሆነው ተንበርክኮ ነው። ጉልበቴን እስከ ዛሬ የሚቆረጥመኝ ያኔ የጀመረ ነው። ትምህርቱ ግን ትምህርት ነበር፤ እናንተ ዛሬ ወንዝ የምትለኩ ልጆችም ቆማችሁ የምታነቡ ከሆነ ተሳስታችኋል።

ለማን እንደምሠራ አልጠፋኝም። ጣልያንን የሚወድ ቤት በሰፈራችን አልነበረም፤ የእኛም ቤት እንደዚያው። እኔና እናቴ መብላት ስለነበረብን ገባሁ። ወንዙን መውደድ ግን ሳላስበው የመጣ ነው።

ዋቤ ከጉራጌ ተራሮች ይነሣል። ከዚያ ወደ ምዕራብ እየወረደ ከመንገዱ ትናንሽ ወንዞችን ይሰበስብና ጊቤ ይገባል። እኛ ባለንበት ሸለቆ ውስጥ ሰፋ ብሎ ይተኛል። ከዚያ በፊት ወደ ጅማ የሚወርዱ ነጋዴዎች ክረምት ሲሆን ዳሩ ላይ ሰፍረው ጎድሎ እስኪያሻግራቸው ይጠብቁት ነበር ይባላል። ጣልያኖቹ መንገድ ሊያወጡ ሲመጡ ግን ሸለቆው መልኩ ተቀየረ። ከላይ በኩል የድንጋይ ካባ ተከፈተ፤ ቀኑን ሙሉ ፈንጂና የድንጋይ መፍጫ ይጮኻል። ከሱ ወረድ ብሎ የኖራ ማቃጠያ አለ። ከታች የእንጨት መሰንጠቂያ። ኖራው ቅጠሉን ሁሉ ያነጣዋል፤ ወንዙ ግን መሐላቸው እንደ ቤቱ ያልፋል፤ ማንንም ከቁብ አይቆጥርም።

በስድስት ወር ውስጥ ጠባዩን ለመድኩት። ቀይ ሆኖ ሲመጣ ዝናቡ ቅርብ ነው፤ የታረሰ ማሳ አጥቦ ነው የመጣው። ጠቁሮ፣ ቅርፊትና የበሰበሰ ቅጠል ተሸክሞ ሲመጣ ግን ዝናቡ ሩቅ ነው፤ ከተራራው ጫካ ነው፤ እኛ ፀሐይ እየሞቅን እሱ ይሞላል። እንዲህ እያልኩ ስነግራት እናቴ «አሁንስ ወንዙን ልታገባው ነው» ትለኝ ነበር።

ስሕተቴ የመጣው ከዚህ ኩራት ነው።

በጋው ሊያልቅ ሲል ብዙ ሠራተኛ ከቸሃም፣ ከሶዶም፣ ከመስቃንም መጣ። መኖሪያ ያስፈልገዋል። ከወንዙ ዳር ሰፊ፣ ለጥ ያለ መስክ ነበር፤ ለካባውም ለመሰንጠቂያውም ይቀርባል። ኢንጂነሩ ጠርቶ ጠየቀኝ።

«ውኃው ያለፉት ዓመታት እስከየት ወጥቷል?»

የእኔ ደብተር ስድስት ወር ነው፤ ክረምት የለበትም። «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን መስኩ ዳር የቆመ እንሰት አየሁ፤ ረድፍ ረድፍ ሆኖ፣ ከሰው ቁመት በላይ።

«ያንን እንሰት ይመልከቱ» አልኩ። «እንሰት እዚህ ቁመት ለመድረስ አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል። ውኃ የሚገባበት ቦታ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አይቆምም ነበር።»

አቶ ብርሃነ ሲተረጉምለት ኢንጂነሩ ፊቱ በራ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ጻፈውም። በሳምንቱ የኢንጂነሩ «ረዳት ለኪ» ተባልኩና ካኪ ኮት ተሰጠኝ። ኮቱን ለብሼ ወልቂጤ ገበያ ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ የምገዛው ነገር አልነበረኝም። መስኩ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ጎጆዎች ተሠሩ።

የእንሰቱ ባለቤት እማ ሸምሲያ ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አጭር፣ ፈጣን ሴትዮ ናቸው። አንድ ጧት ቅጠል ሊቆርጡ መጥተው ከመለኪያው እንጨት አጠገብ አገኙኝ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ደኅና አደርክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እማ ሸምሲያ። እንሰትዎ እንዴት ያምራል!»

ሣቁ። ደስ ብሏቸው የሣቁት ሣቅ አይደለም።

«ምኑ ያምራል? ሰው ቤቱን አጥቶ መንገድ ላይ ቢተኛ፣ አተኛኘቱ ያምራል ይባላል እንዴ?»

አልገባኝም። እሳቸውም እንዳልገባኝ ገባቸው።

«ቤቴ እዚያ ላይ ነበር» አሉ በእጃቸው ወደ ካባው እያሳዩ። «ድንጋይ እናወጣለን ብለው አስነሡኝ። ለመብላት የደረሰውን ፍቄ ለቆጮ ቀበርኩት። ያልደረሰውን ምን ላድርገው? ባሌ የተከለው ነው፤ የመጨረሻ ተከላው። ቅጠሉን ከርክመን፣ ከጎረቤት ጋር ተሸክመን እዚህ አወረድነው። ሌላ መሬት የለኝማ። ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ወላሂ፣ አንድ ክረምት እንኳ አላየም እዚህ።»

«ክረምት ሲመጣስ?»

«ክረምት ሲመጣማ ወንዙ እዚህ ነው የሚተኛው። አባቶቻችን ለከብት እንጂ ለቤት አይነኩትም ነበር። እናንተ ጎጆ ስትሠሩ፣ የፈረንጅ ብልሃት አላቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ደብተር የያዘ ሰው እያለ እኔ ምን አውቃለሁ?»

ጎንበስ ብለው ከእንሰቱ ሥር አፈር ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉት። አሸዋ ነው። «የእንሰት አፈር ይሄ ነው?» አሉኝ።

አልነበረም። በጉራጌ አገር እንሰት ከቤት ጓሮ ነው የሚተከለው፤ በየዓመቱ እበት ስለሚደፋበት አፈሩ ጥቁር፣ ለስላሳ ነው። ይህን እዚያው ያደግሁ እኔ አውቀው ነበር። እንሰት በዕድሜው ሁለት ሦስት ጊዜ ተነቅሎ እንደሚተከልም ገበያ ላይ ችግኙ ሲሸጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን የጸሐፊ ልጅ ነኝ፤ አንድም ቀን ተክዬ አላውቅም። ቁመቱን አየሁ፤ የቆመበትን አላየሁም። ያንን ቀን ያፈርኩትን እፍረት ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። ሠላሳ ጎጆ ሙሉ ሰው በእኔ አፍ ወንዝ ውስጥ ተኝቷል።

አቶ ብርሃነን ፈልጌ ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀ።

«ይኼን ልተርጉምለት? ደኅና አስበኸዋል?»

«ተርጉምለት።»

«ከሥራ ብቻ ብትወጣ ዕድለኛ ነህ።»

«ተርጉምለት አልኩህ።»

ኢንጂነሩ ሲተረጎምለት እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ከዚያ ጮኸ። ሪፖርቱ ተልኳል፤ ካምፑ ተሠርቷል፤ አሁን ደግሞ አንዲት አሮጊት አለች ትለኛለህ? አለ። እኔ በአንድ እጄ ከመስኩ የዘገንኩትን አሸዋ፣ በሌላው ከካባው ጥግ ካልተነሣ ጓሮ ያመጣሁትን ጥቁር አፈር ይዤ ነበር። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ፣ ካርታው ላይ አፈሰስኳቸው። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

አፈሩን በጣቱ እያሸ ብዙ ቆየ። ከዚያ አካፋ አስያዘኝና መስኩ ላይ ጉድጓድ አስቆፈረኝ። እስከ ወገቤ ስደርስ የጉድጓዱ ግድግዳ ራሱ ተናገረ፤ አሸዋ፣ ከሱ በታች የበሰበሰ ቅጠል፣ እንደገና አሸዋ፣ እንደገና ቅጠል፤ እያንዳንዱ ድርብ ወንዙ በአንድ ክረምት ጥሎት የሄደው ነው። ኢንጂነሩ ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ከግድግዳው እኩል አድርጎ አየው።

ሲነሣ ጉልበቱን አራገፈ። «ለመንገዱ የተመደበ አንድም የሥራ ቀን አልሰጥም ይልሃል» አለኝ አቶ ብርሃነ። «እሑድ ግን ሠራተኛው የራሱ ነው፤ የሚያደርገውን አላይም ይልሃል።» ሪፖርቱን ያርመው እንደሆነ ጠየቅሁ። አቶ ብርሃነ ያንን ሳይተረጉም ቀረ። ኮቴን ግን አስወለቁኝ።

እሑድ ደቦ ተጠራ። እንደዚያ ያለ ደቦ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የጎጆውን ጣራ አሥራ ሁለት ሰው ዙሪያውን ይዞ፣ አንዱ እያዜመ ሌላው እየተቀበለ፣ ብድግ አድርጎ ዳገቱን ይወጣል። የቸሃው ሰው በቸሃኛ ያዜማል፤ የሶዶው ሰው በሶዶኛ ይቀበላል፤ እግር ግን እኩል ይነሣል። እኔም ጣራ ተሸክሜ ሣር አፌ ውስጥ እየገባ ወጣሁ። ማንም አልሰደበኝም። «ረዳት ለኪ፣ ኮትህን የት ጣልከው?» እያሉ ሣቁብኝ እንጂ።

ከቀትር በኋላ የመጨረሻው ጎጆ ወጣ። ሰው ሊቀመጥ ሲል እማ ሸምሲያ እንሰታቸው መካከል ብቻቸውን ቆመዋል። ምንም አልጠየቁም። አንድ የመስቃን ሰው ብድግ አለና «ይሄስ ይቀራል እንዴ?» አለ። በቃ፣ ሁሉም ተነሣ። እማ ሸምሲያ እዚህ ከርክሙ፣ ሥሩን እንዲህ አትቁረጡት፣ ቀስ በሉ እያሉ ካቦ ሆኑ። እንሰቱን ለሁለት ለሁለት ተሸክመን በጎጆዎቹ መካከል ተከልነው። እሳቸው በየጉድጓዱ እበት እየጨመሩ ያለቅሱ ነበር፤ እኔም አላስቻለኝም።

ሰኞ ጧት ኢንጂነሩ መጣ። ለድንጋይ መከመሪያ ባሰበው ቦታ ላይ እንሰት ቆሟል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«መለኪያ ነው» አልኩ። «ውኃ የማይደርስበትን ያሳያል።»

አቶ ብርሃነ ሣቁን ውጦ ተረጎመ። ኢንጂነሩ እኔንም እንሰቱንም ተራ በተራ አየና ዞሮ ሄደ። ድንጋዩ ሌላ ቦታ ተከመረ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ እየወጋች፣ ልለካ ስንበረከክ ውኃው ጠቁሯል። ቅርፊት ይዟል። እየሮጥኩ የመሰንጠቂያውን ሰዎች ጠራሁ፤ ሁሉም ዳገቱን ወጣ። ብዙም አልቆየ፤ ዋቤ መጣ። እንደ ተቆጣ አልመጣም፤ አልጋው ላይ እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብሎ መስኩን ሞላው። የኖራ ማቃጠያውን እንጨት ወሰደ፤ የመሰንጠቂያውን ግንድ ወሰደ፤ ጎጆዎቹ የነበሩበትን ሁሉ ሸፈነ። ከሰው አንድም አልተነካ። ከላይ ሆነን አየነው። እማ ሸምሲያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እንሰታቸውን ተደግፈው ቆሙ።

መለኪያው እንጨትም ሄዷል። ውኃው ሲጎድል ኢንጂነሩ ደብተሩን ጠየቀ። የዚያን ቀን ቁጥር ከየት ላምጣ? እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ውኃው ከእማ ሸምሲያ እንሰት በታች፣ የአንድ ሰው ቁመት ገደማ።»

አቶ ብርሃነ አነበበለት። ኢንጂነሩ እርሳሱን አወጣ። «ገደማ» የሚለው ቃል ላይ ጥቂት ቆየ። ሳይሰርዘው ከሥሩ ፈረመበትና ደብተሩን መለሰልኝ። ኮቱን ግን አልመለሰልኝም።

ጣልያኖቹ ወጡ። ደብተሮቹም አብረው ሄዱ፤ የት እንደደረሱ አላውቅም። እኔ ከነጻነት በኋላም እዚያው ወንዝ ላይ፣ ቀጥሎም በሌሎች ወንዞች ላይ ስለካ ጡረታ ወጣሁ። የባላቸው የመጨረሻ ተከላ ለመፋቅ ሲደርስ እማ ሸምሲያ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ቆጮውን በቅቤ አድርገው በእጃቸው አጎረሱኝ፤ «ይሄ ሦስት ቦታ የኖረ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ወንዝ ላይ ስመደብ ሳጥኔን ሳልፈታ የአካባቢውን ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ። ይህን ማን ተከለው? ከዚህ በፊትስ የት ነበር? እንጨቱን የምተክለው ከዚያ በኋላ ነው።