የግራ ጉንጬ ነገር

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ የወጣሁ ዕለት እናቴ ጉንጬን አልሳመችኝም። ይኼን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ቀዬው ውስጥ «ውጭ ልትሄድ ነው ብላ እናቷን ተጠየፈች» እየተባለ ነው አሉ። ንጋት ላይ መናኸሪያ ቆመናል፣ የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። እማዬ ልትስመኝ ስትጠጋ በጋቢ የተጠቀለለ ፊቴን አዙሬ ወደ ኋላ አልኩ። ሕመሜን ታውቃለች፣ ግን እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። «በይ በቃ፣ ትከሻሽን» ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ማልቀሱም ራሱ ያመኛል።

ይኼን በሽታ የማታውቁት፣ እግዜር አያሳያችሁ። የግራ ጉንጬን ንፋስ ሲነካው፣ ሳኝክ፣ ስናገር፣ ከጥርሴ ሥር ተነስቶ እስከ ዓይኔ ድረስ እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል። ጥርስ ነው ተባለና አስነቀልኩ። አልተወኝም። አጠገቡ ያለውንም አስነቀልኩ። ጠበል ገባሁ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ፊቴ ላይ ሲወርድ እሪ አልኩና ሰዉ «ያዛት! ጋኔኑ ጮኸ!» ብሎ ተሰበሰበብኝ። የነርቭ ነው የተባልኩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ባሌ ደምሴ ጀርመን ነበርና ወደ እሱ ስሄድ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሱን ከመናፈቄ ይልቅ ሐኪም መናፈቄ ይበልጥ ነበር።

የጀርመን ብርድ ከመንዝ ብርድ አይብስም ያለኝ ሰው የታለ? እኛ ብርድ ሲመጣ በር ዘግተን በርኖስ እንከናነባለን። እነሱ ብርድ ሲመጣ መስኮት ይከፍታሉ! «ሉፍተን» ይሉታል፣ ቤት ማናፈስ መሆኑ ነው። አከራያችን አሮጊት ናቸው፤ አንኳኩተው ሳይጨርሱ ይገባሉ።

«መስኮቱ ለምን ተዘጋ?»

«ንፋሱ ፊቴን ያመኛል» እላለሁ፣ አፌን ከፈት ሳላደርግ።

«ግድግዳው ይሻግታል።»

«እኔስ?»

«ስለ ግድግዳው ውሉ ላይ ተጽፏል። ስለ እርስዎ አልተጻፈም።»

መስኮቱን ወለል አድርገውት ሲወጡ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ፊቴን በፎጣ ጠቅልዬ እቆማለሁ።

የጀርመኑ ሐኪም የሰጠኝ ኪኒን አደነዘዘኝ እንጂ አላዳነኝም። አንድ ቀዶ ጥገና ተሞከረ፤ ጥቂት ወራት አረፍኩና ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ሐኪሙ ሌላ ነገር አመጣ። ደምሴ ግንባሩን ላብ እያጠመቀው አስተረጎመልኝ፤ «አንጎልሽ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያስገባሉ። ደረትሽ ላይ ከቆዳው ሥር ባትሪ ይቀብራሉ። ባትሪው በሽቦው ኮረንቲ እየላከ ሕመሙን ያረግበዋል ነው የሚለው።»

«ኮረንቲን በኮረንቲ?» አልኩ። ሐኪሙ ይህ ሲተረጎምለት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ መሳቅ ያመኛላ።

«ያድነኛል ወይ በለው።»

«ለአንዳንዱ ሰው ሠርቷል፣ ለአንዳንዱ አልሠራም። ለፊት ሕመም ገና ብዙ አልተሞከረም። ቃል አልገባም ይላል።»

ፈራሁ። አንደበቴ ቢያዝስ? እብድ ሆኜ ብነሳስ? ለእማዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም። የልጇ አንጎል ሊነካ ነው ብትባል እህል አትቀምስም፤ ከዳንኩ በኋላ እነግራታለሁ አልኩ።

ራሴን ላጩኝ፣ እንዳልነቃነቅም ጭንቅላቴን በብረት አሰሩት። ሽቦው ሲገባ እንዳልተኛ አድርገውኝ ነበር፤ ሐኪሙ በየመሀሉ «አሁን ምን ይሰማሻል?» ይለኛል። ፍርሃት ነበር የሚሰማኝ። ባትሪው ተከፍቶ ኮረንቲው ከተስተካከለ በኋላ ግን ያ ነገር ቀስ በቀስ ረገበ። ማመን አቃተኝ። ጠዋት ስነቃ አሁን መጣ፣ አሁን መጣ እያልኩ ሳልንቀሳቀስ እቆያለሁ።

እሁድ ዕለት እማዬ በጎረቤታችን በእትዬ አሰለፈች ስልክ በቪዲዮ ደወለች። ሻሼን አጥብቄ ያሰርኩ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ላቆም ጎንበስ ስል ሸርተት አለ።

እማዬ ራሴን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማነው የሞተው?»

ውይ! ምነው አልታሰበኝ? በእኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ለሐዘን ነው። መርዶም በስልክ አይነገርም፣ እስኪመች ይደበቃል። እማዬ ይኼን ሁሉ በአንድ አፍታ ገጣጠመችው።

«ደምሴ ነው! ደብቃችሁኝ ነው! ወይኔ ልጄን፣ ወይኔ ደምሴ!»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትደቃ ጀመር። እትዬ አሰለፈችም ነገሩን ሳታጣራ እየዬውን ተቀበለቻት። ደምሴ ሥራ ላይ ነው፣ ጠርቼ እንዳላሳያት። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ስልክ ላይ ከ«እህ» እና ከ«ደህና» ሌላ ቃል አይወጣኝም ነበር። ምን ላድርግ? አፌን በረገድኩና ጮኽኩ።

«እማዬ! ማንም አልሞተም! ደምሴ ሥራ ነው! እኔ ታክሜ ነው፣ ሐኪሞች ናቸው የላጩኝ!»

ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ሕመሙን ጠበቅሁት። አልመጣም።

ለቅሶው ጸጥ አለ።

«ምንሽን ነው የታከምሽው?»

«ጭንቅላቴን።»

«ጥርስሽን እያመመሽ ጭንቅላትሽን?»

«አዎ እማዬ።»

«እና ተሻለሽ?»

«ዛሬ ደህና ነኝ። የነገን እንጃ።»

ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው፤ ዓይኗ እርጥብ ነው። «እንዲህ አፍሽን ሞልተሽ ስትናገሪ ከሰማሁሽ ስንት ጊዜዬ» አለች። ቀጥላም፣ «እንግዲህ ብስምሽ አያምሽም?»

እጄን ወደ ግራ ጉንጬ አነሳሁና ሳልነካው መለስኩት።

«አላውቅም። እስካሁን የሳመኝ የለም፣ ደምሴም አልደፈረም።»

«እንግዲያስ አይሳምሽ» አለች እማዬ። «ማንም እንዳይነካው። መጀመሪያ እኔ ነኝ።»

መቼ ትመጫለሽ ግን አላለችኝም።