ቀድሞን የደረሰው የሙና ታሪክ

ንጋት፣ ገርጂ

ጎህ ሲቀድ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ከኮንዶሚኒየማችን ወጣን። ደረጃው እንዳያዳልጣት የልጄን የሙናን ክንድ ይዣለሁ። የምትኖረው አያት ሰፈር ከባሏ ጋር ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለድ ብለን ወደ እኔ መጣች። የክትትል ካርዷን ግን እዚያው ረስታዋለች። ያለ ካርድ ማን ያውቃታል እያልኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኢምፔሪያል

መንገዱ ተዘጋግቷል። ሚኒባሳችን ይንፏቀቃል።

«ማዘር፣ ጠጋ ይበሉ፤ ወንበሩ ለሦስት ነው» አለ ረዳቱ።

«እሷ ብቻዋን ሁለት ናት፤ ቁጠረን» አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ።

አጠገባችን ያለችው ሴት «ስንት ወሯ ነው?» አለች።

«ገና ነው» አልኩ፣ ሻርፔን ሆዷ ላይ እየሳብኩ። ዓይን እፈራለሁ፤ ወር ለሰው አይነገርም።

«ምኑ ነው ገናው፣ እማ? መተንፈሻ አጥቻለሁ» አለች ሙና።

መገናኛ

ካልሲ ሻጩ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ የታክሲው ሰልፍ። ትኩስ ሳምቡሳ ገዛሁላት፤ አንዴ ገምጣ መለሰችልኝ።

ጤና ጣቢያ

የተቀበለችን አዋላጅ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችን የምታይ ወጣት ሲስተር ናት። ካርድ እንደሌለን ስነግራት አልተቆጣችም። የሙናን ስልክ ቁጥር ታብሌቷ ላይ ነካ ነካ አደረገች፤ አያት ሰፈር ስትከታተል የታየችው ሁሉ ወጣ።

«እንዴት ነሽ፣ ሙና?»

«ደህና ናት» አልኩ።

የደም ግፊቷን ለካች፤ ጥቂት አሳርፋት ደግማ ለካች። ከዚያ ታብሌቱን ወደ እኔ አዞረችው። እኔ በትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ መስመሩ ከወር ወር ሽቅብ መውጣቱን ግን አየሁ።

«ይኼ ግፊቷ ነው፣ እማማ። አሁን እርስዎ አይመልሱልኝ፤ እሷ ትንገረኝ።»

ሙና አቀረቀረች። «ከትናንት ጀምሮ ራሴን ይፈልጠኛል። ዓይኔም ብዥ ይልብኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ትጨነቂያለሽ ብዬ።»

ሲስተር አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ በሌላው ታብሌቱን ነካች። «ታሪኳን ለሆስፒታሉ ልኬላቸዋለሁ። አምቡላንስ እየመጣ ነው። አሁኑኑ ከታከመች ለእሷም ለልጇም እንደርሳለን።»

ሆስፒታል

በር ላይ አንዲት ነርስ ተሽከርካሪ ወንበር ይዛ ቆማለች። «ሙና ናት? እየጠበቅናት ነው» አለች። ካርድ የጠየቀን የለም። መጋረጃው ተዘጋ፤ እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ።

ብዙ ቆይታ ነርሷ ወጥታ አነጋገረችኝ። ወዲያው እጄ ላይ ያለው የሙና ስልክ ጮኸ፤ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ናት።

«እማማ፣ ደረሳችሁ?»

«ታብሌቱ አልነገረሽም፣ ልጄ?»

«ነግሮኛል፤ ገብታለች ይላል። ከእርስዎ ልስማው ብዬ ነው።»

«ግፊቷ መውረድ ጀምሯል፤ የልጁም ልብ ደህና ይመታል ብለውኛል። አልሃምዱሊላህ።»

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ወደ መጋረጃው ዞርኩ። እሷም አልዘጋችውም።