ተቀምጦ የሚሠራው

ሰው ሲያማርር መስማት አልወድም፤ እኔ ራሴ ግን ከማማረር ሌላ ሙያ የለኝም። ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ፣ መተኮሻ ክፍል፣ አሥራ አራት ዓመት ቆሜያለሁ። "ሠርቻለሁ" ያላልኩት አውቄ ነው። እዚያ ክፍል ዋናው ሥራ መቆም ነው፤ መተኮሱ ምርቃት ነው። እንፋሎቱ፣ የሠላሳ ሴት ላብ፣ የተለበለበ ጨርቅ ሽታ ተደባልቆ ጠዋት በሩን ስከፍት ፊቴ ላይ ይለጠፋል። ቋቅ ይለኛል። ከዚያ ገብቼ ካውያዬን አነሳለሁ።

ከጎኔ የምትተኩሰውን ሴት ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ ተኩሳለች። አባቷ ተሸካሚ ነበሩ። ቤት ሲገቡ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው ባታቸውን በሁለት አውራ ጣታቸው ወደ ላይ እየገፉ ያሹት ነበር። "ሰው እሸኝ ካልሽው አንድ ቀን ይሰለችሻል፤ የራስ እጅ ግን አይሰለችም" ይሏት ነበር።

ከሳቸው የለቀመችውን ለኛ አወረሰች። ካውያ የያዘ እጅ ሲደነዝዝ፣ የመዳፉን መሃል በሌላኛው አውራ ጣት ተጭኖ ቀስ እያሉ ማዞር። ክንድን ከአንጓ እስከ ክርን መግፋት። ትከሻ እንደ እንጨት ሲደርቅ፣ በግራ እጅ የቀኙን ሥጋ ጭብጥ አድርጎ፣ ትንፋሽ ተስቦ እስኪወጣ አለመልቀቅ። ለጀርባ ደግሞ የክር ጥቅል በጀርባዋና በግድግዳው መሃል አጣብቃ ወዲያ ወዲህ ትላለች። መጀመሪያ ሳያት አስጠላችኝ።

"ምነው እትዬ፣ እንደ ላም ግድግዳ ትታከኪያለሽ?" አልኳት።

"ላሟ ካንቺ ትሻላለች። ቢያንስ ሲደክማት ትተኛለች።"

በሳምንቱ እኔም ስታከክ ተገኘሁ።

እጅና ትከሻዋን እንዲህ ስታባብል ኖረች፤ እግሯ ግን እምቢ አላት። ማበጥ ጀመረ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ ወረቀት ጻፈችላት። በሥራ ሰዓት መቀመጫ ካላገኘች ሥራውን ታቁም ይላል። በአጭሩ ወይ ወንበር ወይ ቤት። ቤት መዋል ለእትዬ ልጇን ከትምህርት ማስቀረት ነው፤ ከሷ በቀር ደሞዝ የሚያመጣ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ወረቀቱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

ሰውየው ቆዳ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ አንገቱን ይዞ ያቃስት ነበር። አንገቱ ተይዞበታል። እዚህ ላይ ነው እትዬን ይሉኝታዋ የገደላት። የራሷን ጉዳይ ትታ "ጌታዬ፣ ከጆሮዎ ሥር ይጫኑት። ኧረ ጠበቅ ያድርጉት! አሁን ትንፋሽዎን ይልቀቁ" አለችው። አንገቱ ተፈታ። ተደሰተ። ወረቀቷን ሳያነብ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ ያቺንም ኪስ የተኮስናት እኛ ነን።

"ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አምስት ደቂቃ ይህን ለሁሉም ታሳያለሽ። ለወንበሩ እናስብበታለን" አላት። ፊሽካ ሰጥቶ ሸኛት።

በማግሥቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ "እጅሽ ሐኪምሽ ነው" የሚል ተለጠፈ። ከጽሑፉ ሥር የሱ ፎቶ አለ። አንገቱን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ። ምሳዬን በዚያ በኩል ይዤ ማለፍ ተውኩ።

እትዬ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ታስተምራለች። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ሳትሻሪ ለኛም አንድ በርጩማ ጣል አድርጊልን!" እያሉ ሴቶቹ ይቀልዱባታል። ትስቃለች። ፊሽካውን ትንሽ እንደወደደችው አይቻለሁ፤ እሷም አስጠላችኝ።

ከወር በኋላ እኔና ሌሎች ሁለት ተኳሾች ስለ መቀመጫ ልንጠይቅ ገባን። ሥራ አስኪያጁ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አዳመጠን። የወጣችውን ነገር አይቶ መልሶ ዋጣት።

"እትዬ አለችላችሁ አይደል? በእጃችሁ ተጠቀሙ እንጂ!" አለን።

ምንም ሳንል ወጣን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኛ ዝምታ ግን ነቅዞ ሸቷል። ከሱ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩት፤ ግን ብሶቴን ያወረድኩት እትዬ ላይ ነው።

"አፋችንን ባንቺ እጅ ዘጋው እኮ!" አልኳት።

መዳፏን በአውራ ጣቷ እያዞረች ቆየች። እግሯ ከጫማው አፍ ላይ ተርፎ ፈሷል።

አንድ ጠዋት ሸሚዛችንን የሚገዛው ድርጅት ሰዎች ሊጎበኙን መጡ። ሥራ አስኪያጁ ሽቶ ተነክሮ ገባና "ለሠራተኛው ጤና ያደረግነውን ይመልከቱ" አለ። እትዬ ፊሽካዋን ነፋች። እጅ፣ ክንድ፣ ትከሻ፣ አንገት፣ ጀርባ። ሠላሳችንም አብረናት አሸን፣ ተነፈስን። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

"አበቃ" አለ እሱ።

"አንድ ይቀራል ጌታዬ" አለች እትዬ። "የእግር ነው። እሱ ግን ተቀምጦ ነው የሚሠራው።"

ዞር ዞር ብላ መቀመጫ ፈለገች። እኛም አብረናት ፈለግን፤ እንደሌለ እያወቅን።

"ታዲያ ወንበር ይምጣላት!" አለች አንዷ እንግዳ።

በፎቁ ላይ ያለው ወንበር የሱ ብቻ ነበር። ዘበኛው እየገፋ አመጣው። እትዬ ቆዳው ላይ ቁጭ አለች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋን እንደ ልጣጭ ላጠችው። ሽታው ወጣ። እግሯን ጉልበቷ ላይ ስትሰቅለው ያበጠው ሥጋ፣ የተጠላለፈው ሰማያዊ ደም ሥር፣ የቆሰለው ተረከዝ ተገለጠ። እንግዳዋ አፏን ያዘች። አልዋሽም፣ እኔንም ዘገነነኝ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አዞረ።

"ፊትዎን አያዙሩ ጌታዬ" አለች እትዬ፣ ውስጥ እግሯን በአውራ ጣቷ ከተረከዟ ወደ ጣቶቿ እየገፋች። "አሳዪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

ከዚያ ወደኛ ዞረች። "ወንበሩ አንድ ነው። ተራ ያዙ።"

ሠላሳ ሴት ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። ያ ክፍል እንደዚያ ሸትቶ አያውቅም። እንግዳዋ ሥራ አስኪያጁን "እነዚህ ሰዎች የሚያርፉት የት ነው?" ስትለው የደረት ኪሱን ዳበሰ፤ መልስ ግን እዚያም አልነበረም። ተራዬ ሲደርስ ተቀምጬ ተረከዜን በአውራ ጣቴ ገፋሁ።

በርጩማዎቹ በሁለተኛው ሳምንት መጡ። ሰሌዳው ላይ ያለው ፎቶም ተቀየረ። አሁን እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይስቃል፤ ከሥሩ "በሥራ አስኪያጃችን በጎ ፈቃድ" ይላል። ሰሌዳው ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነው። እትዬ አጠገቤ እግሯን ጉልበቷ ላይ ሰቅላ ታሻለች፤ እኔ ቀና ባልኩ ቁጥር ያንን ፊት አይቼ ያቅለሸልሸኛል። ቢሆንም አሁን ተቀምጬ ነው የሚያቅለሸልሸኝ።