በእግር የተመረጠ ቤት

ኡሙሰልማን "ቤት አማራጯ" እያሉ ሲያሾፉባት ብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ያሾፈባት ሁሉ ሁለት ደህና እግር ያለው ነው። እንዲህ ላለው ሰው ቤት ማለት ጣሪያና ግድግዳ ነው፤ ከበሩ ከወጣ በኋላ የትም ይደርሳል። ለእሷ ግን ቤት ማለት መንገዱ ነበር። ነገሩ ካለፈ ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን ዛሬም ሲነሣ ደሜ ይፈላል።

ደሴ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሰፋ ነበር። በልጅነቷ የያዛት በሽታ ግራ እግሯን አመንምኖት ስለቀረ መኪናውን የምትረግጠው በቀኟ ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ከእኛ ቀድማ ትጨርሳለች፤ ጨርሳም የእኔን ጠማማ ስፌት አይታ "አልጣሽ፣ ይህን የሚለብሰው ሰው ምን በደለሽ?" ትለኛለች። ምላሷ መርፌ ነው።

ችግሩ ደሴ ነበረች። ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፣ ሌላ ነገር አልፈጠረባትም። የኡሙሰልማ ቤተሰቦች ቤት ከሸዋ በር በላይ ካለው አቀበት ላይ ነው። በጋውን ማልዳ ተነሥታ በምርኩዟ እያዘገመች ትወርዳለች። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ደህናውንም ሰው ስለሚጥል፣ ታናሽ ወንድሟ ጀላል በጀርባው አዝሎ ያወርዳታል፣ ማታም መልሶ ያወጣታል። ሠላሳ ዓመት የሞላትን ሴት። መንገደኛውም ጀላልን ያቆመውና ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቀዋል።

"ሰው ጀርባ ላይ ሆኜ ሰላም ያለኝ ሰው የለም" አለችኝ አንድ ቀን። "ሰላም የሚባለው ጀላል ነው። እኔ ዕቃው ነኝ።"

ከዚያ ወዲህ ያ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ያን ቀን ክር ከመርፌ ሳስገባ ነበር የዋልኩት።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ኮምቦልቻ ላይ አንድ የመንግሥት ድርጅት የደንብ ልብስ የሚሰፉ ሰዎች ሲፈልግ ኡሙሰልማ ተፈተነችና አለፈች። ሌላው ሰው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ ይሄድና ቤቱን እዚያው ይፈልጋል። እሷ ግን ሳልሄድ በፊት ሰፈሩን ማየት አለብኝ አለች። ማኅበሩ በሙሉ ሳቀ። በዚህ ዘመን ቤት ይሰጣል እንጂ ይመረጣል ወይ አሏት። ከሳቁት መካከል እኔም ነበርኩ፤ ቢሆንም አብሬያት ወረድኩ።

አውቶቡሱ የሐረጎን ተራራ ጥምዝምዝ ጨርሶ ኮምቦልቻ ሲገባ ብርዱም አብሮ ቀረ፣ እሷም ነጠላዋን አወረደች። ሜዳውን እያየች ፊቷ ሲበራ አስተዋልኩ። መጀመሪያ ወደ ቀበሌው ሄድን፤ ቤት የሚሰጠው ቀበሌ ነዋ። ሊቀመንበሩ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ጎልማሳ ነው፤ ብስክሌቱን ከበሩ ላይ አስደግፎ ተቀበለን። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ሁለት ክፍል፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ቤት አለ አለን። ሩቅ እንዳይሆን ብላ ኡሙሰልማ ስትጠይቀው፣ ቅርብ ነው፣ እዚችው ናት አላት። የመንገድ ሰውም ስንጠይቅ ያው እዚችው ናት ይለናል። በእኛ አገር አንድ ሰው "እዚችው ናት" ካለህ ስንቅ መያዝ ነው።

ሄድን። አስፋልቱን ስንሻገር የአሰብ መኪኖች ተሳቢያቸውን እየጎተቱ ሲመጡ ጊዜ ሦስቴ ተመለስን። ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ ወንዝ አለ፤ ድልድይ የለውም፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ነው የሚሻገሩት። ቤቱ ከወንዙ ወዲያ ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ይታያል፤ እውነትም ጥሩ ቤት ነበር። ልብስ የምታጥብ ሴት አግኝተን ክረምት ሲሆን እንዴት ነው የምትሻገሩት አልናት። ሴትዮዋ ምንም ሳይመስላት፣ ወንዶቹ ያዝሉናል አለች።

ኡሙሰልማ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ጥቂት አየችው። ከዚያ ተነሥታ ተመለሰች።

ሊቀመንበሩ ቤቱን አልፈልግም ስትለው ፊቱ ተለወጠ። "ጓዲት፣ አብዮቱ ቤት ሲሰጥ እግር አይጠይቅም" አላት። ሰፊው ሕዝብ መጠለያ አጥቶ አንቺ ታማርጫለሽ ብሎ ብዙ ተናገረ። እኔ መልሼ ልናገረው አፌ በልቶኝ ነበር፤ እሷ ግን ክንዴን ይዛኝ ወጣች። ከብስክሌት ላይ ሆኖ ሁሉም ቅርብ ነው። አንድ ቀን እንኳ ወርዶ ያን ወንዝ አብሯት ቢሻገር ምን ነበረበት?

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ወረድን። ያን ቀን ማንንም አልጠየቀችም። ከሥራ ቦታዋ በር ተነሥታ እግሯ እስኪዝል ድረስ ሄደችና፣ በደከመችበት ቦታ በምርኩዟ መሬቱን ጫረችው። "ከዚህ ወዲያ ያለው የእኔ አገር አይደለም" አለች። ከዚያ በመለስ፣ አስፋልቱን ሳንሻገር፣ ሰፈሩን በዝግታ አየነው። ገበያው እዚያው ነው። መስጊዱ እዚያው ነው። ቦኖ ውሃው መንገዱ ዳር ነው። ከቦኖው ፊት ለፊት ደግሞ እትዬ ፀሐይነሽ የሚባሉ ባልቴት በራቸው ላይ በርበሬና ጨው ዘርግተው ይቸረችሩ ነበር።

እትዬ ፀሐይነሽ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ክርስቲያን ናቸው። የነበሯቸው ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ተወርሰው የቀረቻቸው መኖሪያቸው ናት፤ ከጓሮዋ አንዲት ባዶ ክፍል አለች። ኡሙሰልማ ክፍሏን ሳይሆን ከክፍሏ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ቦኖው ያለውን አየች። ድንጋይ የለ፣ ቦይ የለ፣ ዳገት የለ። እዚህ ነው የምኖረው አለች።

ነገር ግን ማከራየት ክልክል ነው። የራስህን ክፍል ለሰው ብታከራይ በዝባዥ ተብለህ የቀረችህንም ታጣለህ። አብሮ መኖር የሚፈቀደው ለዘመድ ብቻ ነው። እትዬ ፀሐይነሽ ግን አዋጁን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፤ ጥቂት አሰቡና "የእህቴ ልጅ ናት እላለሁ፣ አብሽሪ" አሏት። ውሸቱ ኡሙሰልማን አልጣማትም። እግሯን አየች፤ እሺ አለች።

ከደሴ ቀበሌ መሸኛዋን አውጥታ ልትመዘገብ ስትቀርብ ሊቀመንበሩ ስሟን አነበበና ሳቀ። ኡሙሰልማ የምትባል እስላም እንዴት ብላ የፀሐይነሽ የእህት ልጅ ትሆናለች? ይኸ ግልጽ ማጭበርበር ስለሆነ በሕዝብ ፊት ይታያል ብሎ ለስብሰባ ቀጠረን። የስብሰባው ቀን ስኳር የሚከፋፈልበት ቀን ስለነበር አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ ያችኑ ጥያቄ፣ እንዴት እስላም ለክርስቲያን ዘመድ ትሆናለች ሲል ደገማት።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ወሎ መጥቶ እንዲህ ብሎ መጠየቅ፣ ውሃ ለምን ይወርዳል እንደማለት ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የአያቴ አጎት ግን ሐጂ ነበሩ። ሸህ ዘይኑልአቢዲን የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና፣ እዚህ ቤት ውስጥ በሌላው ሃይማኖት ዘመድ የሌለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ አሉ። አንድ እጅ አልወጣም። ሊቀመንበሩ ብቻ ሊያወጣ ቃጣውና ተወው።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር። እሱ ግን ብልጥ ነው። ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ ሲሰብክ የከረመ ሰው፣ ያን ቀን ለራሱ ሲጠቅመው ወደ ኡሙሰልማ ዞረና "እንግዲያው በአምላክሽ ማይልኝ" አላት። "ወላሂ ዘመዷ ነኝ በይ፤ አሁኑኑ እመዘግብሻለሁ።"

የእህት ልጅ ናት መባሉን ችላው ነበር፤ በሐሰት ወላሂ ማለትን ግን አንገቷን ቢቆርጧት አታደርገውም። ይህን ሰውዬው ያውቃል፤ አውቆ ነው የጠየቃት። ምርኩዟን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። እኔ ከኋላ ሆኜ በይው፣ በይው እላለሁ በልቤ፤ ደግሞ ይህን በማሰቤ በራሴ አፈርኩ። ሰውዬውን ጠላሁት። ቤት ነስቷት ሲያበቃ ነፍሷን ደግሞ ጠየቃት።

ያን ጊዜ እትዬ ፀሐይነሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። ማር ያለው ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ማር ከየት ይምጣ? አንዷ የደረሳትን የቀበሌ ስኳር ፌስታሉን ፈትታ ዘረጋችላቸው። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ስኳሩን አስነኩና ከኡሙሰልማ ፊት ቆሙ። ሁሉም ሰው ምን እንደሚያደርጉ ገብቶታል፤ ጣታቸውን አጥብተው የጡት ልጅ ሊያደርጓት ነው። በአገራችን ያልወለዱትን ልጅ እንዲህ ነው የሚወልዱት።

"እስከ ዛሬ አልወለድኩም" አሉ እትዬ ፀሐይነሽ። "ዛሬ ብወልድ የሚከለክለኝ አዋጅ ካለ ይነበብልኝ።"

ኡሙሰልማ ወደ ሸህ ዘይኑልአቢዲን አየች። እሳቸውም፣ በሸሪዓው የጡት ዝምድና የሚቆጠረው ለሕፃን ብቻ ነው፣ በአገሩ ወግ ግን ልጅ ትሆኛለሽ፤ ወጉን ጠቅሰሽ ብትምይ አልዋሸሽም አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ የባልቴቷን አውራ ጣት ጠባች። ከዚያ ቀና ብላ ሊቀመንበሩን አየችው።

"ወላሂ በአገሬ ወግ ከዛሬ ጀምሮ ልጇ ነኝ" አለች።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሊቀመንበሩ ብዕሩን ፈልጎ አጣና ከጎኑ ካለው ሰው ተውሶ መዘገባት። እኔ እየሳቅሁ ደግፌያት ወጣሁ።

"ምኑ ያስቅሻል?" አለችኝ። "በእግሬ ወደ ሥራዬ ልሂድ ስላልኩ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና መወለድ ነበረብኝ?"

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። እውነቷን ነው። እኛ ድል አድርገን የወጣን ሲመስለን፣ እሷ ምን እንዳስከፈሏት ታውቀው ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲያ ኖረች። ጠዋት በምርኩዟ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፣ ማታ በገበያው በኩል ሽንኩርቷን ገዝታ ትገባለች፤ ክረምትም ሆነ በጋ። ሥጋቸው ለየብቻ ነበር፣ ሽሯቸው አንድ። በጾም ቀን ከእትዬ ፀሐይነሽ ተደብቃ ቁርስ ትበላለች፤ በረመዳን እሳቸው ምሳቸውን ጓሮ ይዘው ይሄዳሉ። ስመጣ እያየሁ እስቅባቸዋለሁ። መጀመሪያ እትዬ ትላቸው የነበረውን መቼ እንደተወችው አላውቅም፤ እማዬ ስትላቸው ሰማሁ።

ከዚያ እትዬ ፀሐይነሽን ሳንባ ምች ያዛቸውና በሳምንቱ ሞቱ። እኔና ጀላል መርዶው ሲደርሰን ከደሴ ወርደን ለቀብሩ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው፤ ዝናብ ስለነበር አቀበቱ ጭቃ ሆኗል። ኡሙሰልማ ሰፈሩን ስትመርጥ ገበያውንና መስጊዱን፣ ቦኖውንና የሥራ ቦታዋን አይታ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑን ግን ምን ብላ ትየው? አስከሬኑ ወደ ላይ ሲያመራ እሷ ከአቀበቱ ሥር ቆማ ቀረች።

ሴቶቹ እግርሽን ፈጣሪ ያውቀዋል፣ እዚሁ ሆነሽ አልቅሺላት አሏት። ሊቀመንበሩም ለቀብር መጥቶ ነበር፤ ብስክሌቱን እየገፋ ጠጋ አላት። የሚያጽናናት መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘመድነቱ ለቤቱ ብለሽ ያደረግሽው እንደሆነ እናውቃለን፣ ቤቱን ማንም አይወስድብሽም፣ አትድከሚ አላት።

እሷ ምርኩዟን ለእኔ ሰጠችኝና ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ጀላል፣ ጎንበስ በልና እዘለኝ" አለችው። "እናቴን ልቀብር ነው።"