የቅርጫው ልብ

ይህ የሆነው በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ጂንካ ውስጥ፣ ሁለተኛ ልጄን እርጉዝ ሳለሁ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ቅርጫ በተባለ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ እስካሁን ይስቅብኛል፤ እኔ ግን ያን ያህል አያስቀኝም።

የመጀመሪያዋ ልጄ ጡት ስትይዝ ከንፈሯ ይጠቁር፣ ላብ ያጠምቃት ነበር። ገና መሳቅ ሳትጀምር ሞተችብኝ። ምን እንደገደላት የነገረኝ የለም። አንዱ ምች ነው ይላል፣ ሌላው የሰው ዓይን። እኔ ሁሉንም እጠረጥር ነበር፤ ውሃውን፣ ወተቴን፣ ሊጠይቁን የመጡትን ሁሉ።

ሁለተኛውን ሳረግዝ አንድ የውጭ ሐኪም በትንሽ አውሮፕላን መጣ። ሜዳው ላይ የሚግጡት ከብቶች ተባረው ነው ያረፈው። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ የሚያሳይ መሣሪያ ይዟል ተባለ። የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት "አንቺማ መታየት አለብሽ" ብሎ አስጠራኝ። ከዚያ ሁሉ እርጉዝ እኔን በስሜ ማስጠራቱ አልጣመኝም።

አማቴ ከገዘር መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ትንሹ ልጃቸው ከገበያ ታፍሶ ከዘመተ ወዲህ የመንግሥት ነገር አያምኑም። "ይሄ መሣሪያ ያሉት ሳጥን ወንድ ልጅ ነው የሚፈልገው። ለውትድርና ከሆድ ጀምረው ሊመዘግቡ ነው" አሉኝ።

እኔ የፈራሁት ራጁን ነው፤ እርጉዝ ይጎዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ቢሆንም የፊተኛዋ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ሄድኩ።

ጤና ረዳቱ "ይሄ ራጅ አይደለም፣ በድምፅ ነው የሚያየው" አለኝ። በድምፅ የሚያይ ነገር ሰምቼ ስለማላውቅ ይበልጥ ጠረጠርኩ። ሐኪሙ ሆዴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ መሣሪያውን ያንሸራትትበት ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። አየ፣ ደግሞ አየ። በመጨረሻ ለጤና ረዳቱ አንድ ነገር አለው።

"ምን አለ?" አልኩ።

"የልጁ ልብ አራት ክፍል አለው" አለኝና ቀጣይዋን ሴት ጠራ። ወረፋው ረጅም ነበር።

አራት ክፍል ቤት እንጂ አራት ክፍል ልብ ሰምቼ አላውቅም። የእኛ ቤት እንኳ ሁለት ክፍል ነው። ያችም በዚህ ነው የሞተችው፣ ይሄም ሊሞት ነው አልኩ። ትርፍ ቤት የሚወረስበት ዘመን ነበርና አማቴ "ለሰው አትናገሪ፣ ትርፍ ነው ብለው ይወርሱታል" አሉኝ። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን ዛሬም አላውቅም።

በማግስቱ ልጠይቅ ስሄድ ጤና ረዳቱ ከሐኪሙ ጋር ወደ ካንጋተን ሄዷል ተባለ። ሸሽቶኝ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ሲራገጥ ደስ አይለኝም ነበር። ወድጄው እንዳላጣው እፈራ ነበር።

ፋሲካ ደረሰና ጎረቤቱ ቅርጫ አረደ። በቅርጫ ሁሉም እኩል ይመደባል፤ ልቡም ተቆራርጦ ለየመደቡ ይደርሳል። ቢላዋ የያዙትን ጎረቤታችንን "ጋሼ፣ ልቡን አይቁረጡት፣ ሙሉውን ይስጡኝ" አልኳቸው።

"እርጉዝ ናት፣ አምሯት ነው፣ ስጧት" አለ አንዱ። ሰዉ ሳቀ። የእርጉዝ አምሮት ማንም አይከለክልም።

ጓዳ ገብቼ ከፈትኩት። ከላይ ሁለት ክፍል፣ ከታች ሁለት። ጣቴን ከቀኙ ወደ ግራው ላሻግር ብል ወፍራም ግድግዳ ከለከለኝ። አሁንም አላመንኩም።

"በሬው ታሞ ነበር እንዴ?" አልኩት ባለቤቴን።

"ዓመቱን ሙሉ ሲያርስ የከረመ በሬ ምን ይታመማል?" አለኝ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። "ልጃችን ደህና ነው" ስለው፣ የበሬ ልብ ታቅፌ ስላየኝ ያበድኩ መሰለው።

ጤና ረዳቱ ሲመለስ ጠየቅኩት። "አራቱም ክፍል ሙሉ ነው ማለቴ እኮ ነው! ምን መስሎሽ ነበር?" አለኝ። ስለ ፊተኛዋም ጠየቅኩት። "ምናልባት የልቧ ግድግዳ ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል። ካልታየ ማን ያውቃል?" አለ።

ልጄ ተወለደ። ጡት ሲይዝ ዓይኔን ከከንፈሩ አላነሳሁም። አልጠቆረም።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ዛሬም የቅርጫ ልብ ሳይቆረጥ ይመጣልኛል፤ ሰፈሩ አምሮቷ አልወጣላትም ይላል። እኔ ጓዳ ገብቼ እከፍተዋለሁ፤ ግድግዳውንም በጣቴ እየዳሰስኩ፣ የዚያች ልጄ የቱ ጋ ክፍት ነበር ይሆን እላለሁ።