ከሰይድ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ በርራ ስለሄደችው ሶላር

ለቆቦ፣ ለጎብዬና ለዋጃ ሕዝብ በሙሉ፦ ዛሬ ረፋድ ላይ አንዲት ወጣት በአስፋልት ዳር ሕይወቷ መቀጠፉን የምገልጸው በታላቅ ሐዘን ነው።

እኔ ራሴ አሁንም አላመንኩም። ትናንት አብረን ነበርን እኮ። ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ የወለወልኳት እኔ ነኝ።

ማልቀስ ሳትጀምሩ ልንገራችሁ፦ ሟቿ የሰይድ ሶላር ናት። አዎ፣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የነበረችው። አትደውሉ፣ ድንኳንም አንጥልም። ግን ፊደል ብገድፍ አትሳቁብኝ።

ሰይድን ለማታውቁት፦ ጓደኛዬ ነው፤ ከገበያ ገበያ እየዞረ ልብስ ይሸጣል። ከሥራ የወጣ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ወንበሩን ነቅሎ አልጋ አስገባበት። መኪናው ቤቱ ነው። የቆላው ሙቀት አላስተኛ ሲለው "ለቬንትሌተር የሚሆን ሶላር በራሳችን እንግጠም" አለኝ። ባለሙያው ማን ነው? እኔ! ፊዚክስ ሲሰጥ ከክፍል ውጭ ተንበርክኬ የነበርኩት።

"በድሪል በስተን በብሎን እናጥብቃት" አልኩት።

"ጣሪያዬን አልበሳም! ዝናብ ያስገባል።"

"የምን ዝናብ? ቆቦ መሆንህን ረሳኸው እንዴ?"

"አብሽር፣ በሲሊኮን ማጣበቂያ ትያዛለች።"

ሲሊኮኑን አቧራው ላይ ለጠፍነው። ደግሞ የቤት ጣሪያ ላይ እንደምናየው፣ ፀሐይ በደንብ እንድታገኛት ብለን በስተፊት በኩል በብረት ከፍ አድርገን አጋደልናት። ቤት አይሮጥም፣ መኪና ይሮጣል፤ ነፋሱም ከሥሯ ይገባል። ይቺ ነገር ለሁለታችንም አልታየችንም።

ሟቿ ዝምተኛ ነበረች። ነፋስ ሲነካት ብቻ "ሲጥ" ትላለች። ከዚያ ሌላ ቃል አልነበራትም። እኔም "አቤት እመቤት!" እያልኩ እመልስላት ነበር። ሰይድ ይስቃል። ለካ መላቀቋን እየነገረችን ኖሯል።

ዛሬ ወደ ዋጃ ስንወጣ የሰይድ እናት እትዬ ዘሀራም አራስ ሊጠይቁ ወደዚያው ሊሄዱ ነበር። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና "እኔ መስታወት አናቴ ላይ ተሸክሜ አልሄድም" አሉ።

እኔ ዝም የምል ሰው ነኝ? "እትዬ፣ ጥላ እኮ ነው፣ ፀሐይ እንዳትመታዎት!"

"አንተ ቀልማዳ! ያንተ እጅ የነካው ነገር ሥር አልቀመጥም" ብለው ባጃጅ ያዙ። ከኋላችን ተከተሉን።

መንገዱ ሜዳው ላይ ሲወጣ ነፋሱ መጣ። "ሲጥ ሲጥ ሲጥ" አለች። ሰይድ ነዳጁን ረገጠ። ከዚያ አንዴ "ጓ!" አለና ዝም።

በስፖኪዮ ሳይ አንድ ጥቁር ነገር አየር ላይ እየተገለባበጠ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ አቧራ። ባጃጇ የለችም።

"እናቴ" አለ ሰይድ።

ፍሬን ይዞ ቆመ። በሩን ከፈተ፣ እግሩ ግን አልወርድ አለው። መሪውን ሙጭጭ አድርጎ እንደያዘ "አንተ ሂድ። አንተ እይልኝ። እኔ አልችልም" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሮጥኩ። ያ ረቢም አልኩ፣ እመቤቴ ማርያምም አልኩ፤ የቱ ፈጥኖ እንደሚደርስልኝ ስላላወቅኩ ሁሉንም ጠራሁ። ከማሽላው ውስጥ ሰዎች እየወጡ አስፋልቱ ዳር ይሰበሰባሉ። ክብ ሠርተው ወደ መሬት ነው የሚያዩት። መሃል መንገድ ላይ የእትዬ ዘሀራ ሻርፕ ወድቋል።

ለሰይድ ምን ብዬ ነው የምመለሰው? ምላሴን ታውቁታላችሁ አይደል? ደርቆ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።

ክቡን ገፍቼ ስገባ መሬት ላይ የተዘረጋችው ሶላሯ ናት። ደቅቃለች። ሰው የከበበው እሷን ነው። ባጃጇ ሶላሯን ሸሽታ ከመንገድ ወጥታ አሸዋው ላይ ቆማለች።

እትዬ ዘሀራ ከባጃጇ ጀርባ ብቅ አሉ፤ ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ደግፈዋቸዋል። ብቻዬን መሆኔን አዩ። ከኋላዬ ልጃቸውን ፈለጉ። የለም።

"ልጄስ?" አሉ።

ትንፋሽ አጥሮኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ሰይዴስ? በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዛሬ እንኳ እንዳትቀልድብኝ!"

ለካ የበረረው የመኪናው ጣሪያ፣ መኪናውም ከነልጃቸው የተገለበጠ መስሏቸዋል። እኔ ስንቱን ሰው አስደንግጬ ስቄያለሁ፣ እንደዚያ ያለ ዓይን ግን አይቼ አላውቅም። "ደህና ነው!" ብዬ ስጮህ ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። "ደህና ነው እትዬ! እግሩ አልነሳ ብሎት ነው፣ ለእርስዎ ፈርቶ ነው!"

እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አሉ። "አልሀምዱሊላህ" እያሉ በጫማቸው ባቴን ይመቱኛል። ሰይድ እየተደነቃቀፈ ሲደርስ እሱንም መጀመሪያ መቱት። ከዚያ አንገቱን አቅፈው አልለቅ አሉ።

እንግዲህ ሶላራችን፣ ደህና ሁኚ። ሬሳሽ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ሚኒባሱ ውስጥ አልጋው ሥር ተኝቷል። ያን ያህል ከፍ ብለሽ በርረሽ፣ ስትወርጂ ሰው የሌለበትን መሬት ስለመረጥሽ አመሰግንሻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ? ካንቺ በቀር የተጎዳ የለም። ባጃጇ ተገፍታ ወጣች፣ እትዬ ዘሀራ ሻርፓቸውን አራግፈው ለበሱ፣ አራሷም ተጠየቀች። ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ አንድ የተሰበረ መስታወት ነው።

በሰላም ሂጂ። ትንሽ ነገር ነበር።